የዘር ሐረግን ማወቅ፦ ከፈራኢድ ሒሳብ እስከ ኮምፒዩተር ስሌት

ዳማድ፣ ጂዛን፦ በዋዲ ዳማድ ዙሪያ ከሚኖሩ አረጋውያን አንዱ ስለ ነሰቡ ቢጠየቅ፣ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ብዙ ትውልድ ወደ ላይ ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። ዳማድ በዑለማዎቿ የታወቀች ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የታሪክ ጸሐፊ ሐሰን ኢብን አሕመድ ዓኪሽ አድ-ዳማዲ የዘመናቸውን መሻይኾች ሕይወት በመጻሕፍት አስፍረው አልፈዋል። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣው ወገናችንም በዚህ ረገድ አይታማም፤ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር በልጅነቱ የተማረ ብዙ ነው።

ይህ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ የመጣ ዕውቀት ዛሬ በሌላ ስፍራ ተፈላጊ ሆኗል፤ እርሱም የሐኪም ክፍል ነው። ለጋብቻ የተዘጋጁ ጥንዶች የጤና ምክር ሲጠይቁ፣ ወይም ወላጆች ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም የያዘውን ልጃቸውን ይዘው ሲቀርቡ፣ ከሐኪሙ ከሚሰሟቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች መካከል «እናንተ ትዛመዳላችሁን? ከቤተሰባችሁ በሕፃንነቱ የሞተ አለ?» የሚሉት ይገኙበታል። የአባቶቹን ስም በአንድ ትንፋሽ የሚዘረዝረው ሰው በዚህ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በልጅነቱ ስለሞተው ወንድም፣ በየወሩ ሕመም ስለሚያንገላታት የአክስት ልጅ መናገር ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። አንዱ «ዓይን ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው እህቶቹ ባል እንዳያጡ ይሰጋል።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሚፈልገው የዘር ሐረግ፣ ከዚያም ሐረጉን የሚተነትነው የኮምፒዩተር ስሌት፣ የሚቆመውም የሚወድቀውም በዚያ ባልተነገረው ሰው ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራና ለምን የእኛን እውነተኛ ቃል እንደሚሻ ለማስረዳት ይሞክራል።

በጂዛን የሚታወቀው በሽታ

የጂዛን ነዋሪ ስለ ዘር በሽታ ሲነገር በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ሲክል ሴልን ነው። ቀይ የደም ሴሎች ክብ ቅርጻቸውን አጥተው እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ፤ በቀጭን የደም ሥሮች ውስጥ እየተጠራቀሙ መንገድ ይዘጋሉ፤ ታማሚውን ከባድ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የደም ማነስና ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ያስከትሉበታል። በሽታው በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 መነሻው የሂሞግሎቢን ለውጥ መሆኑን አሳይተዋል። ጉድለቱ በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ባለ አንድ ዘረ-መል ውስጥ የሚገኝ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው።

እያንዳንዱ ሰው ይህን ዘረ-መል በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። ሁለቱም ቅጂዎች ጉድለት ካለባቸው ሰውየው ታማሚ ነው። አንዱ ብቻ ጉድለት ካለበት ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ጉድለቱን ግን ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ስለሚችል «ተሸካሚ» ይባላል። በሳዑዲ ዓረቢያ ይህ ዘረ-መል ጎልቶ የሚታየው በምስራቁ አውራጃና እዚህ በደቡብ ምዕራቡ ቆላ ነው። ምክንያቱ ከወባ ጋር የተያያዘ መሆኑን አንቶኒ አሊሰን በ1954 ባሳተሙት የምስራቅ አፍሪካ ጥናት አስረድተዋል፤ ተሸካሚው ከከባድ ወባ የተሻለ መከላከያ አለው፤ ስለዚህ ወባ በበዛበት ምድር ዘረ-መሉም አብሮ ይበዛል። ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣን ብዙዎቻችን በሽታውን በስሙ ያወቅነው እዚህ ከደረስን በኋላ ነው።

መንግሥት ለዚህ ችግር የሰጠው ምላሽ የታወቀ ነው። በ2003 በወጣው ንጉሣዊ ድንጋጌ መሠረት ከፌብሩዋሪ 2004 ጀምሮ ለጋብቻ የተዘጋጁ ዜጎች የሲክል ሴልና የታላሴሚያ ምርመራ እንዲያደርጉ ግዴታ ሆነ። ምርመራው ግዴታ ቢሆንም ውጤቱን አይቶ መቀጠል ወይም መተው ለተጋቢዎቹ የተተወ ነው። ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ስድስት ዓመታት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመርምረው 4.2 በመቶ ያህሉ የሲክል ሴል ተሸካሚ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱም ወገን ተሸካሚ ከሆኑት ጥንዶች መካከል በ2004 ጋብቻውን በፈቃዳቸው የተዉት ከመቶ ዘጠኝ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በ2009 ግን ቁጥሩ ወደ 52 በመቶ ከፍ አለ። ያሳመናቸው ቅጣት ሳይሆን ማወቃቸው ነው።

አንድ ሟች የሚለውጠው ሒሳብ

የዘር ሐረግ ትንተና ምን እንደሆነ በትንሽ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት ልጃገረድ የእናቷን እህት ልጅ ልታገባ ታስባለች እንበል። ወንድሟ በልጅነቱ በሲክል ሴል ሞቷል። ወላጆቿ ጤነኞች ናቸው፤ ነገር ግን የታመመ ልጅ ስለወለዱ ሁለቱም ተሸካሚ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው።

ከእንዲህ ዓይነት ወላጆች ከሚወለዱ አራት ልጆች በአማካይ አንዱ ታማሚ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አንዱ ከጉድለቱ ነጻ ይሆናል። ልጅቱ አለመታመሟን ስለምናውቅ የታማሚውን ዕድል እናስወጣለን፤ ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ተሸካሚነት ናቸው። ስለዚህ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ሁለት ሦስተኛ ነው። ወደ እጮኛዋ ስንዞር ደግሞ፣ የልጅቱ እናት ጉድለቱን ከአንዱ ወላጇ ወርሳለች፤ እህቷም ያንኑ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ ነው፤ ከእርሷ ወደ ልጇ የመድረሱ ዕድል የግማሽ ግማሽ፣ ማለትም አንድ አራተኛ ይሆናል። ሁለቱም ተሸካሚ የመሆናቸው ዕድል ሁለት ሦስተኛ በአንድ አራተኛ ሲባዛ አንድ ስድስተኛ ነው። ሁለቱም ተሸካሚ ቢሆኑ ልጃቸው የመታመም ዕድሉ አንድ አራተኛ ስለሆነ፣ ጠቅላላው ዕድል ከ24 አንድ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ደግሞ ቤተሰቡ የወንድሟን የሞት ምክንያትም ሆነ የተጋቢዎቹን ዝምድና ሳይናገር ቀረ እንበል። ሐኪሙ በእጁ ያለው አገር አቀፉ የተሸካሚዎች መጠን፣ ማለትም 4.2 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ሲሰላ የልጃቸው የመታመም ዕድል ከ2,200 አንድ ገደማ ይሆናል። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። የሒሳቡ ደንብ በሁለቱም ጊዜ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የተሰጠው ወሬ ነው።

በሲክል ሴል ረገድ የደም ምርመራው ማን ተሸካሚ እንደሆነ በቀጥታ ስለሚናገር ጥርጣሬው በዚያው ይቋጫል። የሐረጉ ስሌት ዋና መሣሪያ የሚሆነው ግን ገና ዘረ-መላቸው ባልታወቀ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ደጋግመው በሚታዩ ብርቅ በሽታዎች ላይ ነው። በዚያ ጊዜ ሐረጉ የሚያጠቃልለው አምስትና ስድስት ሰው ሳይሆን ሠላሳና ሃምሳ ሰው፣ አራትና አምስት ትውልድ ይሆናል። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

በእጅ የማይቆጠረው ብዛት

በሐረጉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው ነጻ፣ ተሸካሚ ወይም ታማሚ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት አማራጭ አለው። ሁለት ሰዎች ዘጠኝ፣ ሦስት ሰዎች 27 ጥምረት ይኖራቸዋል። ሠላሳ ሰዎች ሲሆኑ ጥምረቱ ከ205 ትሪሊዮን ይበልጣል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጥምረት የሚመረምር ኮምፒዩተር እንኳ ሥራውን ለመጨረስ ከስድስት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይህ እንግዲህ ለአንድ ዘረ-መል፣ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ፈጣን ማሽን ብቻ ሳይሆን ብልህ የአሠራር ደንብ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ደንብ አልጎሪዝም ይሉታል።

ቃሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን በባግዳድ የኖሩት ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ሥራዎቻቸው ወደ ላቲን ሲተረጎሙ ስማቸው «አልጎሪትሚ» ተብሎ ተጻፈ፤ ዛሬ ዓለም አልጎሪዝም የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። አል-ጀብር የተሰኘውን የሒሳብ ዘርፍ ስያሜ የሰጠው መጽሐፋቸው ሰፊ ክፍል ደግሞ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ አከፋፈል የሚያትት ነው። የሸሪዓ ውርስ ሒሳብ ሊቃውንቱን ብዙ ሰው ያለበትን ቤተሰብ በሥርዓት ማስላት አስተምሯቸዋል።

ፈራኢድ የተማረ ሰው የሙናሰኻትን ምዕራፍ ያስታውሳል። አንድ ሰው ይሞታል፤ ንብረቱ ሳይከፈል ከወራሾቹ አንዱ ይሞታል፤ ከዚያም ሌላው ይከተላል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ላስላ የሚል ተማሪ ይጠፋበታል። መንገዱ አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ሟች ጉዳይ ጨርስ፤ የሁለተኛው ሟች ድርሻ ስንት እንደሆነ ያዝ፤ ያንን ድርሻ ብቻ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይዘህ ተሻገር። ያለፈውን ዝርዝር ሁሉ መሸከም አያስፈልግም፤ ውጤቱ ይበቃል።

ከቅርንጫፍ ወደ ግንድ

ሮበርት ኤልስተንና ጆን ስቲዋርት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ደንብ መንፈሱ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ ከሐረጉ ጫፍ፣ ከመጨረሻዎቹ ልጆች ይነሣል። «ወላጆቻቸው እንዲህ ቢሆኑ እነዚህ ልጆች በሚታየው ሁኔታ፣ አንዱ ታምሞ ሌሎቹ ጤነኛ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ከጉድለቱ ነጻ ቢሆን ታማሚ ልጅ ሊወለድላቸው አይችልም፤ ስለዚህ ያ አማራጭ ዜሮ ተጽፎበት ከነቅርንጫፉ ይሰረዛል። የቀሩት አማራጮች ውጤት ቤተሰቡን ከቀሪው ሐረግ ጋር በሚያገናኘው ሰው ላይ በሦስት ቁጥሮች ይመዘገባል፦ ነጻ ቢሆን፣ ተሸካሚ ቢሆን፣ ታማሚ ቢሆን። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከሥዕሉ ይነሣሉ፤ ቁጥሮቹ ይቀራሉ። ስሌቱ በዚህ ዓይነት ቅርንጫፉን እየላጠ ወደ ግንዱ ይጓዛል።

ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ እንመልከት። ሠላሳ ሰዎች ካሉበት ሐረግ ውስጥ ሃያዎቹ ወላጆቻቸው አብረው የተመዘገቡ ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአባትና ከእናቱ ጋር የሚታዩት ጥምረቶች 27 ናቸው። ሃያ ጊዜ 27 ሲባዛ 540 ይሆናል። ከ205 ትሪሊዮን ወደ ጥቂት መቶዎች መውረድ ማለት ይህ ነው። ቤተሰቡ በእጥፍ ቢያድግ ሥራውም በእጥፍ ገደማ ይጨምራል እንጂ አይፈነዳም።

ይህ ደንብ የራሱ ድክመት አለው። ብዙ ሰው ቢያስተናግድም፣ በክሮሞሶሙ ላይ በአንድ ጊዜ የሚመረመሩት ነጥቦች ሲበዙ ይከብደዋል። ኤሪክ ላንደርና ፊሊፕ ግሪን በ1987 ያቀረቡት ሌላ ደንብ በተቃራኒው ይሄዳል፤ በክሮሞሶሙ ርዝመት ከነጥብ ወደ ነጥብ እየተራመደ፣ በየነጥቡ እያንዳንዱ ልጅ ከአያቶቹ የማንን ቅጂ እንደወሰደ ይከታተላል። ነጥቦቹ በሺህ ቢቆጠሩም አይታክተውም፤ ሰው ሲበዛ ግን ይሸነፋል። በ1996 የወጣው ጂንሃንተርና በ2002 የወጣው መርሊን የተሰኙት ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ተመራማሪው እንግዲህ ሰፊ ቤተሰብ ሲይዝ የመጀመሪያውን፣ ትንሽ ቤተሰብ በብዙ ነጥብ ሲመረምር ሁለተኛውን ይመርጣል።

የሐረጉ ቀለበት

የቅርንጫፉ ልጣጭ በቀላሉ የሚሠራው ሐረጉ እንደ ዛፍ ሲዘረጋ፣ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሳይገናኝ ሲቀር ነው። የአጎትና የአክስት ልጆች ሲጋቡ ግን ሁለት ቅርንጫፎች ከታች ተመልሰው ይገናኛሉ፤ በሥዕሉ ላይ ቀለበት ይፈጠራል። በሳዑዲ ዓረቢያ የተደረጉ ጥናቶች ከጋብቻዎች ግማሽ የሚሆኑት ወይም ከዚያ የሚበልጡት በዘመዳሞች መካከል መሆናቸውን መዝግበዋል። ከቀይ ባሕር ማዶ ባሉት አፋሮች ዘንድም አብሱማ የሚባለው የአክስት ልጅ ጋብቻ የቆየ ባህል ነው። ሸሪዓ ይህን ጋብቻ ፈቅዷል፤ ሰዎችም ለዝምድና መጠናከርና ለመተማመን ሲሉ ይመርጡታል። ኮምፒዩተሩ ግን ቀለበቱን ሲያገኝ ከየት ጫፍ እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል።

መፍትሔው በቀለበቱ ላይ ካሉት ሰዎች አንዱን መርጦ «ይህ ሰው ነጻ ቢሆን» ብሎ መላውን ስሌት መሥራት፣ ከዚያ «ተሸካሚ ቢሆን»፣ ቀጥሎም «ታማሚ ቢሆን» ብሎ መድገምና ውጤቶቹን መደመር ነው። አንድ ቀለበት ሥራውን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ አምስት ቀለበት 243 እጥፍ። ስለዚህ የትኛው ሰው ቢመረጥ ድግግሞሹ እንደሚቀንስ ማወቅ ራሱን የቻለ ጥያቄ ሆነ፤ ይህን ምርጫ ኮምፒዩተሩ በራሱ እንዲያደርግ የሚያስችል ሥራም በ1998 ታትሟል። ፋስትሊንክ የተባለው ፕሮግራም የተሻሻለው እንዲህ ባሉ ጥረቶች ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱን ያከበደው ይኸው ቀለበት ለተመራማሪው ትልቅ ጥቅም አለው። የአጎትና የአክስት ልጆች የወለዱት ልጅ፣ ከዘረ-መሉ በአማካይ አንድ አሥራ ስድስተኛው ከአንድ ቅድመ አያት በሁለት በኩል ወርዶ በእርሱ ላይ የተገናኘ ነው። ላንደርና ዴቪድ ቦትስታይን በ1987 ያመለከቱት ይህን ነው፦ እንዲህ ያለ ልጅ ብርቅ በሽታ ቢይዘው፣ በሽታውን ያመጣው ዘረ-መል ሁለቱ ቅጂዎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት በሆኑበት የክሮሞሶም ክፍል ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። የታመሙት ወንድማማቾችና የአጎት ልጆች ሁሉ የሚጋሩትን፣ ጤነኞቹ ግን በዚህ መልክ የሌላቸውን ክፍል መፈለግ ብቻ ነው። በሪያድ የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታልና የምርምር ማዕከል ዶክተር ፈውዛን አል-ኩረያዕና ባልደረቦቻቸው በዚህ ዘዴ እየተጠቀሙ የብዙ ብርቅ በሽታዎችን ዘረ-መል ለይተዋል። በ2013 የተጀመረው የሳዑዲ የሰው ጂኖም ፕሮግራምም በዚሁ ጎዳና የሚጓዝ ነው። ከዓመት ዓመት ከሐኪም ወደ ሐኪም ሲንከራተት ለኖረ ቤተሰብ፣ የበሽታውን ስም ማወቅ ለሚቀጥለው ልጅ የመጀመሪያው ደጅ መከፈት ነው።

የጡት ልጅ፣ የማደጎ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ

ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ልጅነት ብቻ ነው፤ ከአብራክና ከማኅፀን የሚገኘውን። እኛ ደግሞ ብዙ ዓይነት ልጅነት እናውቃለን። በአገራችን የእህቱን ልጅ አሳድጎ «ልጄ» የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ጡት ያጠባች እናት ናት፤ አብረው የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፤ በመካከላቸውም ጋብቻ ሐራም ነው። ይህ ሁሉ በሸሪዓና በፍቅር ሚዛን ክብደት አለው። በዘረ-መል ግን ወተት ጉድለትን አያወርስም፤ ማሳደግም የደም ቅጂ አያስተላልፍም። ቁርኣን ያደጉ ልጆች በወለዷቸው አባቶች ስም እንዲጠሩ ማዘዙ ነሰብን ከመደባለቅ ይጠብቃል፤ የሐኪሙም ሐረግ የሚሻው ያንኑ ጥራት ነው። ከሁለት ሚስቶች የተወለዱ ልጆችም የእናታቸው ማንነት ተለይቶ ሊነገር ይገባል፤ «የአባቴ ልጆች» ብሎ በአንድ ማጠቃለል ስሌቱን ያሳስታል።

እንዲህ ያሉ ስሕተቶችን የሚያጣሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከነዚህ አንዱ በ1998 የቀረበው ፔድቼክ ነው። ከአባትም ከእናትም ሊመጣ የማይችል ቅጂ በልጅ ላይ ሲገኝ ምልክት ያደርጋሉ። ምክንያቱ የተለዋወጠ ናሙና ወይም የጽሕፈት ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ያልተነገረ ማደጎም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስጋት ይነሣል፦ ይህ ማሽን ነሰባችንን ሊያፈርስ ነውን?

መልሱ ከቴክኒክ በፊት በሃይማኖታችን ውስጥ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ከበኒ ፈዛራ የሆነ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ ስለወለደችበት ተጠራጥሮ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ መልክ ጠየቁት፤ ከቀያዮቹ መካከል ለየት ያለ መልክ ያለው መኖሩን ሲነግራቸው፣ ያ መልክ ከየት እንደመጣ አሳሰቡት፤ ከቀድሞ የዘር ሥር የተሳበ ሊሆን እንደሚችልም ራሱ ተናገረ። የልጁም ነገር እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱት። ዑለማዎች ከዚህ ሐዲስ ልጅን በመልክ ልዩነት ብቻ መካድ እንደማይፈቀድ ተረድተዋል። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ምክር ቤትም በ1422 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. በ2002) ባካሄደው 16ኛ ጉባኤው፣ በሸሪዓ የጸናን ነሰብ ለማጣራት የዘረ-መል አሻራን መጠቀም እንደማይፈቀድ፣ ነሰብን ለመካድም በእርሱ ላይ መመሥረት እንደማይቻል ወስኗል። ስለዚህ የሕክምና ሐረግ ለሕክምና ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ የተገኘ ምስጢርም አማና ነው። ቤተሰቡም «መረጃዬ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል?» ብሎ አስቀድሞ የመጠየቅ መብት አለው።

ውርስ ፍርድ አይደለም

ሰዎች የዘር በሽታን የሚደብቁት አብዛኛውን ጊዜ «በዘር ነው» የሚለው ቃል የማይነሣ ፍርድ ስለሚመስላቸው ነው። በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት ይህን ሐሳብ ያርማል። ፖዶኮኒዮሲስ በባዶ እግር በቀይ የሸክላ አፈር ላይ የሚሠሩ ገበሬዎችን የሚያጠቃ፣ ዝሆኔ ከሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ነው። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ስለሚደጋገም ሰው ከእነርሱ ጋር መጋባትን ይሸሽ ነበር። በወላይታ የብዙ ትውልድ የዘር ሐረጎችን መርምሮ በ2007 የታተመው ጥናት፣ ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት 63 በመቶ ያህል ከውርስ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙትን ዘረ-መሎች አመለከቱ። ይሁን እንጂ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ ከበሽታው ሊጠበቅ ይችላል። የሐረጉ ትንተና ያስተማረው ቤተሰቡን መሸሽን ሳይሆን ለልጆቹ ጫማ መግዛትን ነው።

በሲክል ሴልም እንዲሁ ነው። ተሸካሚ መሆን ነውር አይደለም፤ ተሸካሚው በሽተኛም አይደለም። ጥያቄው ሁለት ተሸካሚዎች ሳያውቁ እንዳይገናኙ፣ የተገናኙትም ልጃቸውን ገና በጨቅላነቱ አስመርምረው ሕክምናውን በጊዜ እንዲጀምሩ ማድረግ ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ስሌቱን ባለሙያዎች ይሠሩታል። የእኛ ድርሻ አንድ ወረቀት ነው። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣላሉ፤ የታመመው ቅርጽ ይጠቆራል፤ በሞተው ላይ ሰያፍ መሥመር ይሰመራል፤ ዘመዳሞች የተጋቡበት በጥንድ መሥመር ይያያዛል። ከራሳችን ጀምረን ወንድምና እህት፣ አባትና እናት፣ አጎትና አክስት፣ አያቶችን እንጽፋለን። በልጅነታቸው የሞቱትን፣ በማኅፀን የቀሩትን፣ «በዓይን ሞተ» የተባሉትንም ምልክታቸው ምን እንደነበር ጠይቀን እንጨምራለን። የእናትን ወገን አንርሳ፤ ስማችን በአባት ስለሚወርድ የእናት ዘር ከሦስት ትውልድ በኋላ ከአእምሮ ይጠፋል፤ ዘረ-መሏ ግን እኩል ግማሽ ነው።

በጂዛን፣ በሳምታና በአቡ ዓሪሽ ለሚኖር ወገናችን ይህ ሥራ የተለየ ጥድፊያ አለው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን አክስቶቻቸውን በስልክ ድምፅ ብቻ ያውቃሉ፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን በምን እንደሞተ የምታውቀው አያት ከባሕሩ ማዶ ናት፤ ዕድሜዋም ገፍቷል። ዛሬ ደውለን «እማማ፣ ያ ልጅ ምን ነበር ያመመው?» ብለን ብንጠይቃት ከማንም ሐኪም የማይገኝ መልስ ትሰጠናለች። እርሷ ካለፈች በኋላ የቱም ኮምፒዩተር ያንን መልስ አስልቶ አያወጣውም።

ዲናችን ነሰብን ማወቅ ዝምድናን ለመቀጠል እንደሆነ አስተምሮናል። ዛሬ ለዚያ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ተገኝቷል፤ ያልተወለዱት ልጆቻችንም በእኛ ላይ ሐቅ አላቸው። አላህ የታመሙትን ይማርልን፤ ለልጆቻችንም ጤናን ይስጥልን።